ለጋሽ ዘገየ ቴሌቪዥን የከፈልሁት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም። በየዐቢይ ጾሙ እፊታቸው ተንበርክኬ ስንት ነገር ዘርዝሬያለሁ፤ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ የገደፍሁትን ጾም፣ በሚዛን ያጎደልሁትን ሰሊጥ ሳይቀር ተናግሬያለሁ። ይህኛውን ግን ምን ብዬ እንደምጠራው ጠፍቶኝ ነው የቆየሁት። ሰረቅህ ወይ ቢሉኝ አልሰረቅሁም። ዋሸህ ወይ ቢሉኝ በዚያን ዕለት አንዲት የሐሰት ቃል ከአፌ አልወጣችም። ሰው በደልህ ወይ ቢሉኝ ግን አንገቴን እደፋለሁ። አንድ ያረጀ ቴሌቪዥን በትክክለኛ ዋጋው ገዛሁ። በደሌ ይኸው ነው፤ በትክክለኛ ዋጋው መግዛቴ።

እናንተ አታውቁኝም። ስለማታውቁኝም ነው የምነግራችሁ።

ስሜ ይበልጣል ነው። ሱዳን ድንበር አጠገብ፣ ኮኪት ከተማ ሰሊጥ እየገዛሁ እሸጣለሁ፤ ከከተማው ወጣ ብሎም የራሴ እርሻ አለኝ። ዛሬ መጋዘን አለኝ፣ ትራክተር አለኝ፣ ስብሰባ ስገባ ተነሥቶ ወንበር የሚለቅልኝ ሰው አለኝ። ወደዚህ ቆላ ስወርድ ግን ከአንድ ማጭድና ከአንድ ብርድ ልብስ በቀር ምንም አልነበረኝም። የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርሁ፤ ከጎጃም ደጋ ለሰሊጥ አጨዳ የመጣሁ ሳሉግ። ሳሉግ እዚህ አገር የቀን ሠራተኛው ስም ነው። ገና ወር ሳልሞላ ወባ ጣለኝ። አብረውኝ የመጡት ወደ ሌላ እርሻ ሲያልፉ እኔ ከአንድ ዛፍ ሥር ቀረሁ። አልፈርድባቸውም፤ የቀን ሠራተኛ ቀን ከባከነበት ምን ይበላል?

ከዚያ ዛፍ ሥር ያነሡኝ ጋሽ ዘገየ ናቸው።

ጋሽ ዘገየ በዚያ ዘመን የኮኪት ትልቅ ገበሬ ነበሩ። አባታቸው ከደጋ ወርደው ጫካውን ከመነጠሩት ሰዎች አንዱ ናቸው። እሳቸው ራሳቸው በወጣትነታቸው ሱዳን ገዳሪፍ ብዙ ዓመት ሠርተዋል፤ ዐረብኛ እንደ አፍ መፍቻቸው ይናገራሉ። ሠራተኛ ለማየት ሲያልፉ ወድቄ አዩኝ። በትራክተሩ ተሳቢ አስጭነው ቤታቸው ወሰዱኝ። ባለቤታቸው አጥሚት እያጠጡ ሦስት ሳምንት አስታመሙኝ። ስድንም አላባረሩኝም። መጀመሪያ ሠራተኛቸው፣ ቀጥሎ የሠራተኞች አለቃ አደረጉኝ። በሦስተኛው ዓመት ከመሬታቸው ቆርሰው፣ «ይህን እኩል እረስና ምርቱን እንካፈል። ዘሩን እኔ እችላለሁ» አሉኝ። ዛሬ የኔ የምለው ሁሉ፣ መጋዘኑም ትራክተሩም፣ ከዚያች ቁራሽ መሬት ነው የበቀለው።

ቴሌቪዥኑንም ያየሁት በዚያው ቤት ነው። ከገዳሪፍ ያመጡት፣ ሳጥኑ ከእንጨት የተሠራ፣ ሁለት ትልልቅ ማዞሪያ ያለው ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበር። ሥራ ውለን ስንገባ ጄኔሬተራቸውን አስነሥተው ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ያወጡታል። የአገራችን ጣቢያ አይደርስም ነበር፤ ጥርት ብሎ የሚታየው የሱዳኑ ብቻ ነው። ነጭ ጀላቢያ የለበሱ ሰዎች ቁጭ ብለው ሲነጋገሩ ጋሽ ዘገየ ይተረጉሙልናል። «ይኸኛው የኮኪት ሠራተኞች ደመወዝ ይጨመርላቸው ይላል፤ ያኛው ደግሞ መጀመሪያ እንቅልፍ ይቀንሱ ይላል» ይላሉ። ግቢው በሳቅ ይፈርሳል። እኔን ሁልጊዜ ከጎናቸው፣ ከጠፍር አልጋው ጫፍ ያስቀምጡኝ ነበር። ሌላው መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው።

ታዲያ እኒህን ሰው ለምን ጠላኋቸው?

ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ገልብጬ ገለባብጬ አየሁት። ምንም አላደረጉኝም። የጠላኋቸውም ምንም ስላላደረጉኝ ይመስለኛል። ሀብት ባፈራሁ ቁጥር ሰው፣ «ይበልጣል? የጋሽ ዘገየ ልጅ አይደል እንዴ!» ይላል። መጋዘን ስሠራ እንዲያ ተባለ። ትራክተር ስገዛ እንዲያ ተባለ። በላቤ ያፈራሁት ሁሉ የሳቸው ደግነት ማስረጃ ሆኖ ቀረ። እሳቸው ግን አንድም ቀን አንሥተውት አያውቁም። አንዴ እንኳ «ያን ጊዜ ባላነሣህ ኖሮ» ብለውኝ ቢሆን ተጣልቼ እገላገል ነበር። አላሉኝም። ሰው እንዲህ ባለ ነገር ቂም ይይዛል? እኔ ያዝሁ። በየዓመት በዓሉ በግ እየላክሁ፣ በየመንገዱ እጅ እየነሣሁ፣ በውስጤ ቂም ያዝሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አጨዳው ሊጀመር ሲል፣ የጋሽ ዘገየ የመጨረሻ ልጅ ታገተ። ሞላ ይባላል፤ ትራክተር ነጂ ነው። ከአብደራፊ ሲመለስ መንገድ ላይ ወሰዱት። ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አልታወቀም። በማግሥቱ ስልክ ተደወለ። የተጠየቀው ገንዘብ ጋሽ ዘገየ በዕድሜያቸው በእጃቸው ይዘውት የማያውቁት ነበር፤ የተሰጣቸውም ስድስት ቀን ነው። በዚያ ላይ እጃቸው ባጠረበት ጊዜ ነበር የደረሰው። ባለቤታቸው ሞተዋል። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ያለጊዜው የመጣ ዝናብ ሰሊጣቸውን በቆመበት አበስብሶታል። ትራክተራቸውን ከሸጡ ቆይተዋል፤ ሞላ ይነዳ የነበረው የሰው ነው።

ኮኪት ሁሉ አዋጣ። ሻይ ሻጯም፣ ጫኝና አውራጁም አዋጣ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ባንክ ሄጄ ሰማንያ ሺህ ብር አወጣሁ። ቤቴ አምጥቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁበት፤ ቁልፉን ኪሴ ከተትሁ። ልብ በሉልኝ፤ ገንዘቡ ነበረኝ። ልሰጣቸውም ነው ያወጣሁት። ነገር ግን እንዲመጡ ጠበቅሁ። መጥተው፣ ከፊቴ ቆመው፣ «ይበልጣል፣ ልጄን አድንልኝ» እንዲሉኝ ፈለግሁ። አንዲት ቀን እሳቸው ከታች፣ እኔ ከላይ ሆነን እንድንተያይ ፈለግሁ። ባለቤቴ እንጉዳይ ጠዋት ጠዋት፣ «ምነው ሄደህ አትሰጣቸውም?» ትለኛለች። «ይመጣሉ» እላታለሁ። ሁለተኛው ቀን አለፈ። ሦስተኛው አለፈ። አራተኛው አለፈ። ልጁ እዚያ ታስሮ እኔ እዚህ ተቀምጬ ልመና እጠብቃለሁ።

በአምስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ መጡ።

ባጃጅ በሬ ላይ ቆመ። ጋሽ ዘገየ ከሹፌሩ ጋር ተጋግዘው በአንሶላ የተጠቀለለ ከባድ ነገር አወረዱ። በረንዳው ላይ አስቀምጠው አንሶላውን ሲገልጡት ቴሌቪዥኑ ነው።

«እንዴት አደርህ፣ ይበልጣል?»

«እግዜር ይመስገን። ይግቡ፣ ይቀመጡ። ምነው ይህን ተሸክመው?»

«ቤቱን ላራግፈው ብዬ» አሉ፤ ላባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «ይኸን አንተ ትወደው ነበር። ሌላ ሰው ከሚወስደው ብዬ ወዳንተ አመጣሁት።»

ስለ ሞላ አንዲት ቃል አላነሡም።

በኋላ ነው የገባኝ ብል ይቀለኝ ነበር። ግን አይደለም። እዚያው በረንዳ ላይ፣ አንሶላው ሲገለጥ ገብቶኛል። እኒያ ሰው ቴሌቪዥን ሊሸጡ አልመጡም። እሳቸው ሳይለምኑ፣ እኔም ስመጸውት ሰው ሳያየኝ፣ ገንዘቡ ከእጄ ወደ እጃቸው የሚያልፍበትን መንገድ አበጅተው ነው የመጡት። ለራሳቸው ክብር ብቻ አልነበረም፤ ለኔም አስበው ነው። ብዙ ከፍዬ ውለታዬን እንድመልስ፣ ሰው ግን ገዛ እንጂ ሰጠ እንዳይለኝ። ልጃቸውን ሊያጡ አንድ ቀን የቀራቸው ሰው ስለኔ ስሜት ያስባሉ! ይህ ነው ያናደደኝ። አምስት ቀን የጠበቅሁትን ቃል የነፈጉኝ መሰለኝ። እንደገና ከላይ ሆነው ያዩኝ መሰለኝ።

«ስንት ይሉታል?» አልኋቸው።

«አንተ ያልኸውን።»

«የለም፣ የዕቃው ባለቤት እርስዎ ነዎት። ዋጋ ይንገሩኝ እንጂ።»

«አንተ ያልኸውን አልሁህ እኮ፣ ልጄ።»

ልጄ አሉኝ። በዚህች ቃል ልቤ ይለሰልስ ነበር፤ በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰው ላይ ቢሆን። በኔ ላይ ግን ጭራሽ አከረረው።

ተነሣሁና ቴሌቪዥኑን መመርመር ጀመርሁ። ይህን እንዴት እንዳደረግሁት እዩልኝ። እንደ ደህና ነጋዴ ቁጢጥ ብዬ ዞርሁት። አንደኛው ማዞሪያ ወልቋል። መስታወቱ ተጭሯል። የጀርባው ክዳን በሽቦ ታስሯል። እያንዳንዱን ጉድለት ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርሁ፤ «ማዞሪያው የለም፣ ክዳኑም ተሰብሯል።» እሳቸው፣ «አዎ፣ እሱ ከወለቀ ቆይቷል» ይላሉ፤ «ክዳኑን እኔ ነኝ ያሰርሁት» ይላሉ። በየጉድለቱ ያግዙኛል። እንጉዳይ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች። አንዴ ወደኔ፣ አንዴ ወደ ቁም ሣጥኑ ታያለች። እንዳላየ ሆንሁ።

ይህም አልበቃኝም። ሰው አስጠራሁ። ማዶ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ኑሩ የሚባል ጎረቤት አለን፤ ቅን ሰው ነው።

«ኑሩ፣ ይህ ስንት ያወጣል? ጋሽ ዘገየ እንዳይጎዱ፣ እኔም እንዳልጎዳ በትክክል ንገረን» አልሁት።

ኑሩ ክዳኑን ፈታ፣ ውስጡን አየ፣ አቧራውን እፍ አለ። «መስታወቱ ደክሟል። ለመለዋወጫ ካልሆነ በቀር ሌላ አይሆንም። ሁለት ሺህ ብር ቢያወጣ ነው» አለ። ከዚያ ቀና ሲል ጋሽ ዘገየን አያቸው። ነገሩ ያን ጊዜ ነው የገባው። ፊቱ ተለዋወጠ። «ቆይ እስቲ፣ ቆይ» አለ ቶሎ ብሎ፤ «እንዲህ ያለ የእንጨት ቴሌቪዥን አሁን ተፈላጊ ሆኗል። ጎንደር ሆቴሎች ለጌጥ ያስቀምጡታል አሉ። እንዲያውም የሚፈልገው ሰው ካገኘ ያሻውን ቢከፍልበት አያስነቅፍም።»

ኑሩ በሩን ከፈተልኝ። ጋሽ ዘገየ የከፈቱት አልበቃ ብሎኝ እሱም ከፈተልኝ። እኔ ዘጋሁት።

«ጎንደር አይደለም የጠየቅሁህ። እዚህ ኮኪት ስንት ያወጣል?»

ኑሩ መሬት መሬት አየ። «እዚህማ... ያልሁት ነው።»

ወደ ቁም ሣጥኑ አልሄድሁም። ከኪሴ ሁለት ሺህ ብር አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሁለት ሺህ ብር! ሁለት መቶ ጨምሬ፣ «ይህ ደግሞ ለባጃጁ» አልሁ። ጋሽ ዘገየ ሁለቱን ሺህ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ሁለት መቶውን ቴሌቪዥኑ ላይ መልሰው አኖሩት። «የባጃጁን ከፍያለሁ» አሉ። አንሶላቸውን አጥፈው ብብታቸው ሥር ያዙ። «ትክክለኛ ዋጋ ነው። እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ ሽሙጥ ፈለግሁ፤ የለም።

እስከ በሩ ድረስ ዓይኔን ከጀርባቸው አላነሣሁም። አሁን ይዞራሉ፣ አሁን «ይበልጣል» ይላሉ እያልሁ። ቢዞሩ ኖሮ ሰማንያውን ሺህ እግራቸው ላይ አፈሰው ነበር። ይህን ዛሬም እምላለሁ። ግን እንዲህ ያለ መሐላ ለማን ይጠቅማል? አልዞሩም። ባጃጁም ሄዶ ነበር፤ በዚያ ፀሐይ በእግራቸው ሄዱ።

እንጉዳይ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች። «ሁለት ሺህ?» አለች። መልስ ሳትጠብቅ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

ስድስተኛው ቀን ደረሰ፤ ገንዘቡ አልሞላም። ጋሽ ዘገየ ቤታቸውንና የቀረቻቸውን መሬት ለመጀመሪያው ገዢ፣ በተጠራላቸው ዋጋ ለቀቁ። ያ እስኪያልቅ ዐሥራ አንድ ቀን ተጨመረ። ሞላን የደበደቡት በነዚያ ዐሥራ አንድ ቀኖች ነው። ሲለቁት ግራ ጆሮው አይሰማም ነበር፤ ዛሬም አይሰማም። በስድስተኛው ቀን የጎደለው ስንት እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ከቁም ሣጥኔ ውስጥ ከተቆለፈው ያንስ ነበር። ብዙም ባይሆን ያንስ ነበር። ቤቱን፣ መሬቱን፣ ጆሮውን እኔ ሸጥሁት ማለት ነው? እናንተ ፍረዱ። እኔ ፈርጃለሁ።

ቴሌቪዥኑን አንድም ቀን አላበራሁትም። መጋዘኑ ጥግ አስቀምጬው ምስጥ ሳጥኑን ጨረሰው።

ጋሽ ዘገየ ቤት ስላልነበራቸው ሳንጃ ወዳለችው ሴት ልጃቸው ሄዱ። በሚቀጥለው ክረምት እዚያው አረፉ። ለቀብር ሳንጃ ሄድሁ። ከሁሉ በላይ ያለቀስሁት እኔ ነበርሁ። ለቀስተኛው «ልጃቸው እኮ ነው» ሲል ሰማሁ፤ ያን ቀን ይህች ቃል አልከበደችኝም። ይህን እንኳ እዩልኝ፤ ከሞቱ በኋላ ልጃቸው መባል ደስ አለኝ።

ከተዝካሩ በኋላ ሞላ ቤቴ መጣ። እንጉዳይ ውሃ አቀረበችለትና ተቀመጠች። ደህና ጆሮውን ወደኔ አዙሮ ነበር የተቀመጠው።

«ጋሼ ይበልጣል፣ የአባቴን አደራ ላደርስ ነው የመጣሁት» አለ። «ቴሌቪዥኑን የሸጡ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ በእትዬ እንጉዳይ እጅ የላኩት ገንዘብ... አባቴ እስኪሞቱ ሲመርቁዎት ነው የኖሩት። ‹ሰው ፊት መስጠት ከብዶት ነው፤ ጎረቤት ስላለ ትንሿን ሰጥቶኝ ትልቁን በጓሮ ላከልኝ› ይሉ ነበር። እትዬ እንጉዳይ ‹እንዳያነሡበት፣ ይቆጣል› ስላሏቸው ነው መጥተው ያላመሰገኑዎት። እኔ ግን እንዳመሰግን አዘዙኝ።»

ጆሮዬን ተጠራጠርሁ። የላክሁት ገንዘብ የለም። ወደ እንጉዳይ ዞርሁ። ወለሉን ታያለች።

«ምንም ያደረግሁት የለም» አልሁት።

እውነቴን ነው። ሞላ ግን ትሕትና መሰለው። ተነሥቶ ጉልበቴን ሳመ። እንዲስም ጉልበቴን ተውሁለት።

ሲሄድ፣ «የምን ገንዘብ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«የአንገት ሐብሌን ሸጬ ነው። ባሌ ነው የላከው ብዬ ሰጠኋቸው» አለች።

አንገቷን አየሁት። የሠርጓ ወርቅ ከዚያ ሰሞን ጀምሮ የለም። ዓመት ሙሉ አብሬያት እየበላሁ አላየሁም።

«በኔ ስም ለምን?»

«ላንተ ብዬ መሰለህ?» አለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ያሳደግሁት ልጅ ጣለኝ ብለው እንዳይሞቱ ብዬ ነው።» ብርጭቆውን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

ይቅር በሉኝ ልላችሁ አስቤ ነበር የጀመርሁት። አሁን እዚህ ስደርስ ሳየው የሚያምርብኝ አይደለም። ይቅር የሚሉኝ ሰው ሞተዋል፤ የሞቱትም መርቀውኝ ነው። የቀረው ሞላ ነው። ኮኪት ትንሽ ከተማ ናት፤ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እንገናኛለን። ባየኝ ቁጥር ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ ይላል፤ ከሰው ጋር ከሆነም፣ «ያዳነኝ ሰው እኒህ ናቸው» ብሎ ያሳየኛል። ነገ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ አልነግረውም። ፈርቼ ነው ብላችሁ ታዝኑልኝ ይሆናል። ፈርቼ አይደለም። ምስጋናው ስለሚጥመኝ ነው።